ሁለት ቆለኞች

ጋምቤላ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ሜዳና ሙቀት ነው። አልተሳሳተም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ አምስት መቶ ሜትር ከምናምን ብትሆን ነው። ነገር ግን ሜዳው የተራራ ግርጌ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በቡሬ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ ጎሬ ሲደርስ ሁለት ሺህ ሜትር ላይ ነው። መኪና ይህንን ሁሉ ከፍታ በአንድ ቀን ውስጥ ያስወጣል፤ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ግን ወይ ይተኛል፣ ወይ ያስመልሰዋል። ወደ ትምህርት በተመላለስን ቁጥር እኛም ከሁለቱ አንዱን ስናደርግ ነው የከረምነው። ባለፈው የበጋ ዕረፍት ግን፣ በቃ፣ ዳገቱን በእግራችን እንውጣው፤ አንድ ሌሊትም እላዩ ላይ እንደር አልን።

«እኛ» ስንል ሁለት ነን። አንዳችን ኒውላንድ የተወለደ ኑዌር ነው። ሌላችን አያቶቹ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ ተነሥተው ጋምቤላ የሰፈሩ፣ እሱ ግን ከጋምቤላ ሌላ የሚያውቀው አገር የሌለው ነው። ብዕሩን የያዘው የትኛው እንደሆነ ብንናገር ለነገሩ የሚጨምረው ስለሌለ ይለፈን።

ጋምቤላን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ማስረዳት ይገባል። ኒውላንድ ከከተማዋ ሰፈሮች አንዱ ነው፤ ስሙ በእንግሊዝኛ አዲስ መሬት ማለት ሲሆን የሚበዙት ነዋሪዎች ኑዌሮች ናቸው። በከተማችን ሰፈርህን ስትናገር ብሔረሰብህንም የተናገርክ ያህል ይቆጠራል። ከላይ አገር የመጣው ሁሉ ደግሞ፣ የወሎውም የከምባታውም፣ እዚያው የተወለደ ልጁም ጭምር፣ በአንድ ስም «ደገኛ» ይባላል። በደህናው ቀን ይህ ተራ መጠሪያ ነው። ደህናው ቀን ሲያልፍ ግን መጠሪያው ሰው መለያ ይሆናል። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በከተማዋ ብዙ አኙዋኮች ተገድለዋል፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በኑዌርና በአኙዋክ መካከል ደም ፈሷል። የመጀመሪያውን ከታላላቆቻችን ሰማን፤ የሁለተኛው ጊዜ ልጆች ነበርን፤ በር ተዘግቶብን ከቤት ውስጥ አዳመጥነው። እንዲህ ባለው ሰሞን የኒውላንድ ልጅ ከሰፈሩ አይወጣም፣ የሌላ ሰፈር ልጅም ወደ ኒውላንድ አይሻገርም። ጓደኝነታችን ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ለሳምንታት ተቋርጦ እንደገና የተቀጠለ ጓደኝነት ነው።

ስንቃችን ቀላል ነበር። በሁለት የተማሪ ቦርሳ በሶ፣ ዳቦ፣ የደረቀ ዓሣ፣ አንድ ስስ ብርድ ልብስ፣ ክብሪት፣ ባትሪና ውሃ የሞላንባቸው አራት ሃይላንዶች። ከቀበሌ ያጻፍናት የትብብር ደብዳቤም በላስቲክ ተጠቅልላ ነበረች። የኒውላንዷ አያት ጉዟችንን ሲሰሙ ሣቁብን። «ከብት የማትከተሉ ከሆነ ተራራ ላይ ምን ልትሠሩ ነው?» አሉ። የወሎዋ አያት ደግሞ፣ «እኛ ከተራራ ወርደን እዚህ ለመድረስ ያየነውን መከራ እናንተ በፈቃዳችሁ ልትወጡት ነው?» አሉና ቆሎ ቋጠሩልን። ለሁለቱም በቂ መልስ አልነበረንም።

አንድ አይሱዙ ቦንጋን አሳልፎ ዳገቱ ሊጀምር ሲል አወረደን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይዋ ታቃጥል ጀመር። ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ አንዳንድ ቦታ በበጋው እሳት ጠቁሮ ከሥሩ አዲስ ቡቃያ አውጥቷል። መጀመሪያ ላይ ብዙ አወራን። ዳገቱ ሲበረታ ወሬያችን አነሰ፤ በመጨረሻ የሚሰማው የቦርሳችን ማንጠልጠያ ሲንጣጣ ብቻ ሆነ።

ይህ መንገድ ባዶ መንገድ አይደለም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል፣ ባሮ ዳር ከሁለት ሺህ ሜትር የማይበልጥ የወንዝ ዳርቻ ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ጋምቤላ ከተማ የሆነችው በዚያ ጣቢያ ነው። ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል የእንፋሎት መርከብ ይመጣል፤ ከኢሉባቡር ደጋ ደግሞ ቡና በበቅሎና በሰው ጀርባ ይወርዳል። ችግሩ ሁለቱ በአንድ ወቅት አለመገናኘታቸው ነበር። መርከቡ የሚገባው ባሮ በሚሞላበት በክረምት ነው፤ በቅሎ ዳገቱን የሚችለው ጭቃው በሚደርቅበት በበጋ ነው። ስለዚህ ቡናው በበጋ ወርዶ መጋዘን ውስጥ ክረምቱን ይጠብቃል፤ መርከቡ ያመጣው ጨውና ጨርቅም እንዲሁ በጋውን ጠብቆ ወደ ላይ ይጫናል። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ ዛሬ የመርከቡም የሲራራ ነጋዴውም ዘመን አልፏል። እኛ ግን ከትምህርት ክፍል ይዘነው የመጣነው ይህ ታሪክ እግራችን ላይ ሲደርስ ሌላ ሆነ። አንድ ሰው በጀርባው ቡና ተሸክሞ ይህንን ቁልቁለት እንዴት ወረደው? በቦርሳ በሶ እየተንገዳገድን ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ከቀትር በኋላ አገሩ ተለወጠ። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ሙቀት ይቀንሳል ተብሎ ጂኦግራፊ ተምረናል፤ በቆዳ ሲማሩት ግን ይለያል። ላባችን ደረቀ። ሣሩ ለዛፍ ቦታውን ለቀቀ፤ ከትላልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና ይታይ ጀመር። ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ አየን። ጉሬዛዎች ነጭ ጅራታቸውን እያንጠለጠሉ ከላያችን ዘለሉ። የኒውላንዱ ልጅ ቆሞ አንድ የቡና ቅርንጫፍ ዳሰሰ። ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲጠጣ የኖረ ሰው ዛፉን ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። የወሎዎቹ የልጅ ልጅም ከዚህ ቀደም አላየውም፤ ግን ያየ መስሎ ዝም አለ።

መንገድ ላይ ያገኘናቸው ሰዎች ሁሉ ደጎች ነበሩ። ሁሉም ግን ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ የሚጠይቁትም አንዱን ስለ አንዱ ነው። «ይኼ ልጅ ከሱዳን ነው?»

«አይደለም፤ ከጋምቤላ ነው።»

«ስደተኛ ነው?»

«አይደለም፤ ኢትዮጵያዊ ነው። ኒውላንድ ነው የተወለደው።»

«አማርኛ ይችላል?»

«ከናንተ ጋር የሚያወራው በምን ሆነና!»

በክፋት የጠየቀ አልነበረም። ነገር ግን ጥያቄው አንድ ጊዜ ያስቃል፣ ሁለተኛ ጊዜ ያሰለቻል፣ አምስተኛ ጊዜ ሲሆን ዳገቱን ያከብደዋል። ተራው ለሌላችን ሲደርስ ደግሞ በተቃራኒው ነው። «አንተስ ከየት ነህ?» «ከጋምቤላ።» «አይ፣ ትክክለኛ አገርህን ነው።» «ጋምቤላ ነው የተወለድኩት።» «ወላጆችህስ?» «አያቶቼ ከወሎ ናቸው።» «እንግዲያው የወሎ ሰው ነሃ!» አንዱን ከአገር ያስወጡታል፣ ሌላውን ከጋምቤላ ያስወጡታል። ሁለታችንም ከአንድ ከተማ፣ በአንድ መኪና፣ አንድ ዳቦ ተካፍለን መምጣታችንን ብንናገር የሚያምነን አላገኘንም።

ሊመሽ ሲል አንድ አዛውንት ከቡና ማሳቸው ሲመለሱ አገኘን። ሰላምታውን በኦሮምኛ አቀረብን፤ «አካም ኦልተን!» ብለን። አነጋገራችን ያስቃል መሰለኝ ፈገግ አሉ። ደብዳቤያችንን አላነበቧትም። «በዚህ ሰዓት ጫካ ውስጥ አይታደርም፤ ኑ» አሉን። ቤታቸው ከመንገዱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነበር። ባለቤታቸው እሳት አነደዱ፤ ቡና በቅቤ ተቆልቶ ቀረበልን። እኛም የደረቀ ዓሣችንን አወጣን። ሸተቷቸው፣ ቀመሱት፣ ደገሙት።

አዛውንቱ አባታቸው የሲራራ ነጋዴ ረዳት እንደነበሩ አጫወቱን። «አባቴ ቆላ ይወርድ ነበር፤ ማደር ግን አይወድም» አሉ። «በቅሎውን ገንዲ ይገድልበታል፣ እሱን ንዳድ ይጥለዋል። ጭነቱን አራግፎ ጨው ይጭንና በዚያው ይመለሳል። እኔ ራሴ ባሮን አላየሁትም። አባቴ ውሃው ሰፊ ነው ይል ነበር።» እኛ ደግሞ የእሳቸውን አገር ከሩቅ ከማየት በቀር አድረንበት እንደማናውቅ ነገርናቸው። ለካ ሁለቱም ወገን እየተፈራራ ነው የኖረው፤ ላዩ የታቹን ንዳድ፣ ታቹ የላዩን ብርድ።

ብርዱስ መጣ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ያለንን ልብስ ሁሉ ደራርበን ለብሰን ነበር። ስሷ ብርድ ልብስ ለአንዳችን ስትደርስ ለሌላችን አትደርስም። የኒውላንዱ ልጅ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ሌላው፣ ዕድሜውን ሙሉ «ደገኛ» ሲባል ያደገው፣ ከእሱ በባሰ ይንቀጠቀጣል። ስም ብርድ አያስጥልም። ብርዱ የማንን አያት ከየት እንደመጡ አልጠየቀም፤ ያገኘው ሙቀት የለመደ ሁለት ገላ ብቻ ነው።

ኳኳታችንን ሰምተው አዛውንቱ ኩራዝ ይዘው መጡ። ቆመው አዩን፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ከዚያ ሣቃቸው መጣ። «ለካ ሁለታችሁም ቆለኞች ናችሁ!» አሉና ከትከሻቸው ላይ ጋቢያቸውን አውርደው በሁለታችን ላይ ጣሉት።

ለእሳቸው ቀላል ቀልድ ነበር። ለእኛ ግን ያን ቀን ሙሉ፣ ምናልባትም ከተወለድን ጀምሮ፣ አንድ ሰው ሁለታችንን በአንድ ስም ሲጠራን የመጀመሪያው ነበር። በጋቢው ሥር ሆነን ሳቅን፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አልን፤ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደን።

ጠዋት «አካም ቡልተን» ብለው ቀሰቀሱን። ከቤታቸው በታች ጭጋጉ ሸለቆውን ሞልቶት ነበር። ከጓሯቸው አንድ ጅረት ይወርዳል፤ ፊታችንን ታጠብንበት፤ ይቆረጥማል። ወዴት እንደሚሄድ ስንጠይቃቸው «ወደ እናንተ ነዋ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ባሮ የሚባለው ወንዝ ብርብርና ገባ ተገናኝተው፣ ከዚህ ደጋ የሚወርደውም ጅረት ሁሉ እየተጨመረበት የሚሆነው ነው። ጋምቤላን አልፎ ከፒቦር ጋር ሶባትን ይፈጥራል፤ ከዚያ ነጭ ዓባይ ይገባል። የምንዋኝበት፣ ልብስ የምናጥብበት፣ ዓሣ የምናጠምድበት ውሃ ከእንዲህ ዓይነቱ ጓሮ የመጣ ነው። ካርታ ላይ አይተነዋል፤ ፊታችንን ስላልታጠብንበት ግን አላወቅነውም ነበር።

ለሁለት ቆለኞች አንድ ስም መገኘቱ ግጭት እንደማያስቀር እናውቃለን። በከተማችን ነገ አንድ ነገር ቢነሣ እንደገና በየሰፈራችን እንዘጋ ይሆናል። ቢሆንም ከዚያ ሌሊት ወዲህ አንዳችን ለሌላችን ስንደውል «አንተ ቆለኛ» ብለን ነው የምንጀምረው፤ የሚሰማን ሰውም ሁለታችንን እያየ ግራ ይጋባል።

ዳገቱን ለመሞከር የሚያስብ ተማሪ ካለ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ይሂድ፤ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ወፍራም ብርድ ልብስ ይያዝ። ስንቅ አይብዛ፤ ዓሣ ግን አይቅር።

እኛ በማግሥቱ ቡሬ ገብተን መኪና ያዝን። ስንለያይ አዛውንቱን ባሮን እንዲያዩ ጋበዝናቸው። «ንዳዱስ?» አሉ። ኒውላንድ ከመጡ አጎበሩ የእኛ ነው አልናቸው። «እንግዲያው በሚመጣው በጋ» ብለዋል። የኒውላንድ ሰው ደግሞ ሽማግሌው ከየት ናቸው ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ምን ብለን እንደምንመልስ እስካሁን እየተከራከርንበት ነው።