ቃል የሌለው ሽለላ

በተመረቅሁበት ዕለት አባቴ ከአሊዩ አምባ ተነሥቶ፣ የአንኮበርን ዳገት ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ስሜ ተጠርቶ ከመድረኩ ስወርድ ከወላጆች መካከል ብድግ አለና ከዘራውን እንደ ጦር ሰብቆ ሸለለ። ጓደኞቼ ሳቁ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ማምሻውን «አባባ፣ ምነው እንዲህ አደረግህ?» ብለው መልስ አልሰጠኝም። ከዚያ ቀን ወዲያ ሲሸልል ሰምቼው አላውቅም።

የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን በውል ያደመጥሁት እርሱ ካረፈ በኋላ ነው።

ጋሽ ጌታቸው የይፋት ልጅ ናቸው፤ የተወለዱት በ1927 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የያዙት ክራርና ማሲንቆ ነበር፤ ኋላ ወደ ክላርኔትና ወደ ሳክስፎን ተሻገሩ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሥራ ጀመሩ። ቀጥሎ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያም የፖሊስ ኦርኬስትራ። ታሪካቸውን በዚህ ልለፈው፤ እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነውና።

ሽለላ የቃል ሥራ ነው። ዘማች ወደ ጦር ሜዳ ከመግባቱ በፊት የአባቱን ስም ይጠራል፣ ግዳዩን ይቆጥራል፣ ጠላቱን ያቃልላል። ቃሉ ቢወሰድበት ምን ይቀረዋል? ጋሽ ጌታቸው ለዚህ በቴነር ሳክስፎን መልስ ሰጡ። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል፣ ይጎተታል፣ ድንገት ይጣደፋል፣ ያገሣል። መድረክ ላይም ለምድ ለብሰው፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ይታዩ ነበር። የውጭ ሰዎች ከአሜሪካዊው አልበርት አይለር ጋር ያነጻጽሯቸዋል። ንጽጽሩ ክብር እንደሆነ አይጠፋኝም፤ ሆኖም ብዙም አይጥመኝም። አይለር የመጀመሪያ ሸክላውን ሲያስቀርጽ እ.ኤ.አ. 1962 ነበር፤ የእኛው ሰው ያን ጊዜ በሙያው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተዋል። ደግሞስ ከባሕር ማዶ የመጣን ዕቃ የራስ ማድረግ ለይፋት ሰው ምን ይደንቀዋል? አሊዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ገበያ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ2004 ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ የፓንክ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋበዛቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘው የጋራ አልበም ወጣ። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፎ ነበር። እኔ ባፈርሁበት ዜማ የአውሮፓ ወጣቶች ጨፈሩበት።

አልበሙን ሳደምጥ ያ ቀን ተመለሰብኝ። ግጥም እጽፋለሁ ባይ ነኝ፤ የአባቴን ግጥም ግን አንዲት ስንኝ እንኳ አልያዝሁም። ከሐፍረቴ የተነሣ አልሰማሁትማ! የቀረልኝ የድምፁ አወጣጥ ብቻ ነው፦ ረጅሙ ጥሪ፣ ከዚያ ጥድፊያው፣ ከዚያ ጉሮሮው የሰነጠቀበት ቦታ። እነዚህን ሦስቱንም በሳክስፎኑ ውስጥ አገኘኋቸው።

ጋሽ ጌታቸው በመጋቢት 2008 ዓ.ም. አረፉ። ባለፈው ለበዓል አገር ቤት ስወርድ ሥራቸውን በስልኬ ከፍቼ ለአባቴ ታላቅ ወንድም አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አደመጡ።

«የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

«የመኩሪያ። የይፋት ሰው ነው።»

እንደገና እንድከፍተው በእጃቸው አመለከቱኝ።