«የሞከራችሁት የትኛውን ነው?»

ይህችን ጋዜጣ የምናነበው ቆመን ነውና ነገሩን ባናስረዝመው ደስ ባለን። ሆኖም ባለፈው ወር ሰሌዳው ላይ የለጠፍነው የማርክ ዝርዝር ብዙ ሰው ስላስደነገጠ፣ ጥፋታችንንም በገዛ እጃችን ጽፈን መለጠፍ ይገባናል ብለናል።

እኛ ሦስት ሠልጣኞች፣ ይኸውም ማታ ማታ ከኮምፒውተር ክፍል በጥበቃ የምንባረረው፣ የክፍላችንን ማርክ የሚደምር ትንሽ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፍን። ፈተናው ከ60፣ የቤት ሥራው ከ20፣ የማስተማር ልምምዱ ከ20 ነው። ኮዱን በጂሲሲ ኮምፓይለር ለሙከራ ስናወጣው «ሰረዝ ጂ» እና «ሰረዝ ኦ ዜሮ» የሚባሉትን ትእዛዞች ሰጠን። የመጀመሪያው፣ ስሕተት ስንፈልግ የትኛው መስመር ላይ እንዳለን የሚነግር መረጃ ይጨምራል፤ ሁለተኛው ኮምፓይለሩ ኮዱን ለማፍጠን ብሎ እንዳይነካካው ያደርጋል። ይኸ ዲበግ የሚባለው ቅጂ ነው፤ ዝግ ይላል፣ ለምርመራ ግን ይመቻል። ደመርንበት፣ ልክ ሆነ፣ ተጨባበጥን።

ከዚያ «ለሰው የሚሰጠውማ ፈጣኑ ነው» ብለን ያንኑ ኮድ በ«ሰረዝ ኦ ሁለት» አወጣነው። በዚህኛው ኮምፓይለሩ የማያስፈልገውን ይጥላል፣ የሥራውንም ቅደም ተከተል ያሸጋሽጋል። መጽሐፍ ላይ ያየነውን «ኤንዲበግ» የሚል ቃልም ጨመርንበት። ለአንድ ክፍል ማርክ ይህ ሁሉ ፍጥነት ምን ያደርጋል ቢሉን መልስ የለንም። ብቻ ሳንሞክረው ዝርዝሩን አትመን ለጠፍን።

ማታ አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን እራት ሳይበላ መጣ። ማለፊያው 50 ሲሆን ዝርዝሩ 44 ይለዋል። ለቤተሰቡም ደውሎ «ወደቅሁ» ብሎ ጨርሷል። ብጣሽ ወረቀት አወጣ፤ 31፣ 13፣ 15፤ ድምሩ 59።

«እናንተ ልጆች፣ መደመር የረሳሁት እኔ ነኝ ወይስ እናንተ?» አለን።

የሙከራውን ቅጂ ከፍተን አስገባን፤ 59። ፈጣኑን ከፈትን፤ 44። ኮዱ አንድ! ጥፋቱን ኮምፓይለሩ ላይ ጣልነው፣ እሱ መቼም አፍ የለው።

በነጋታው የኮምፒውተር መምህራችን እስከ መጨረሻው አዳመጡንና «የሞከራችሁት የትኛውን ነው? የለጠፋችሁትስ?» ብለው ብቻ ጠየቁን። ዝም አልን። ቀጥለው ጣታቸውን አንዲት መስመር ላይ አሳረፉ። በሲ ቋንቋ «አሰርት» የሚባል ማረጋገጫ አለ፤ ያልነው ነገር ሐሰት ሆኖ ሲያገኘው ፕሮግራሙን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። እኛ ለካ የልምምዱን ማርክ የሚደምረውን ሥራ እዚያው ማረጋገጫ ቅንፍ ውስጥ ከትተነው ኖሯል። «ኤንዲበግ» ሲታዘዝ ደግሞ አሰርት ከነቅንፉ፣ በውስጡ ካለው ሁሉ ጋር ይጠፋል። የጓደኛችን 15 ማርክ የሄደችው እንዲህ ነው። ድመራውን ወደ ውጭ አውጥተን፣ መልሱን ብቻ በአሰርት አስፈተሽን።

መምህሩ በዚህ አልለቀቁንም። «ሁለቱን ቅጂ በእጅ እየጻፋችሁ አታውጡ፣ በአንድ የሜክ ፋይል አስወጡ» አሉን። ሜክን በ1976 እ.ኤ.አ. በቤል ላብራቶሪ የሠራው ስቱዋርት ፌልድማን ነው፤ ከወላጆቻችን ጋር ሳይተካከል አይቀርም። እዚህም ተደናቀፍን። የሙከራውን አውጥተን ወዲያው ፈጣኑን ስናዝ «የሚሠራ ነገር የለም» አለን። ለምን ቢሉ፣ ሜክ የሚያየው ፋይሉ የተነካበትን ሰዓት ነው። ኮዱ ካልተነካ ትእዛዛችን መለወጡን አያውቅም፣ የቀድሞውን የተጠናቀረ ፋይል እንዳለ ያቀብላል። ግማሹ ከዚያ ግማሹ ከዚህ የሆነ ድብልቅ ቅጂም እኮ ሊወጣ ይችል ነበር!

ስለዚህ ሁለት ፎልደር ከፈትን። ኮዱ አንድ፣ የሜክ ፋይሉ አንድ፣ የየቅጂው የተጠናቀሩ ፋይሎች ግን በየራሳቸው ፎልደር። አሁን አንድ ትእዛዝ ስንሰጥ ሁለቱም ይወጣሉ፤ ከዚያም ጓደኛችን በእጁ የደመረውን የአሥር ሰው ማርክ ሁለቱም እንዲደምሩ ይደረጋል። አንዳቸው ከወረቀቱ ከተለዩ ሥራው እዚያው ይቆማል፣ ምንም አይታተምም።

አዲሱ ዝርዝር ተለጥፏል፤ ጓደኛችን 59 ነው። ለቤቱም ደውሏል። ሰሌዳው ፊት ሲቆም ግን አሁንም እስክርቢቶውን ያወጣል።