የስድስት ልጆች አባት

ሰሞኑን ስለ ግሪምኬ እህትማማቾች እያነበብኩ ነበር። ሣራና አንጀሊና ይባላሉ። የተወለዱት አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርለስተን ነው። አባታቸው ዳኛ፣ ያውም ብዙ ባሪያ ያለው ባለ እርሻ። ሣራ ልጅ ሳለች የምታገለግላትን ልጅ ማታ ማታ በር ዘግታ ፊደል ታስቆጥራት ነበር፤ ሲደረስባት አባትየው በጣም ተቆጡ።

ሁለቱም አድገው ወደ ሰሜን ሄዱና ባርነት ይቅር ብለው አደባባይ ወጡ። በ1838 (በፈረንጅ ነው) አንጀሊና ፊላደልፊያ ውስጥ ስትናገር ውጪ የተሰበሰበው ሰው መስኮቱን በድንጋይ ይሰባብር ነበር። አላቋረጠችም። በማግስቱ አዳራሹን አቃጠሉት።

እኔን ያስቆመኝ ግን ይሄ አይደለም። 1868 ላይ የሆነው ነው። ባርነት በሕግ ከቀረ ሦስት ዓመቱ ነው። አንጀሊና ጋዜጣ ላይ ግሪምኬ የሚባል የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪ አየች። ምናልባት የወንድሞቼ ባሪያ የነበረ ይሆናል ብላ ጻፈችለት። መልሱ መጣ። አርቺባልድ ይባላል፤ የሟች ወንድሟ የሄንሪ ልጅ ነው። እናቱ ናንሲ ዌስተን የሄንሪ ባሪያ ነበረች። ሄንሪ ሲሞት እንደ ቤተሰብ ያዟቸው ብሎ ተናዞ ነበር፤ ትልቁ ልጁ ግን የገዛ ወንድሞቹን ባሪያ አደረጋቸው።

እህትማማቾቹ የወንድማችን ልጆች ናችሁ አሏቸው። በአደባባይ። ለትምህርታቸውም ረዷቸው። አርቺባልድ ከሃርቫርድ በሕግ ተመረቀ፣ ወንድሙ ፍራንሲስ ቄስ ሆነ። አርቺባልድ በ1880 ሴት ልጅ ሲወልድ ስሟን አንጀሊና አላት።

እዚህ ላይ ስልኬን አስቀመጥኩ።

አያቴ የሞቱ ጊዜ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፍኩትም ያነበብኩትም እኔ ነኝ። «የስድስት ልጆች አባት ነበሩ» ብዬ። ሰባት እንደሆኑ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የሰባተኛው እናት በልጅነቷ ተሸጣ ነው እኛ ቤት የገባችው። እሳቸውም «የቤት ልጅ» እንደተባሉ፣ እንጨት እየፈለጡ፣ እኛን ትምህርት ቤት እያደረሱ አረጁ። ጋሼ ነበር የምንላቸው፤ አጎቴ ብሎ የጠራቸው አልነበረም። ግንባራቸው ሳይቀር ቁርጥ አያቴን!

ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ሲደረድሩ ነበር። «ስድስት» ስል ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ወንበሩን አስተካከሉ።

ጋሼ ካለፉ አራት ዓመት ሆናቸው። ባለፈው ሳምንት የልጃቸውን ስልክ ከሰው አገኘሁ። ቴሌግራም ላይ «የአጎትሽ ልጅ ነኝ» ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩት። ላክሁት።

አይታዋለች።