ቀይ ቀለም

ዛሬ ፖለቲካን ለአንድ ሳምንት አሳርፌ ስለ ሥዕል ልጽፍ አስቤ ነበር። ነገሩ ግን ዞሮ ዞሮ እዚያው ገባ።

በእኛ ቤት ቀይ ልብስ አይለበስም ነበር። ልጅ ሳለሁ አንዲት ዘመዳችን ያመጣችልኝን ቀይ ሹራብ አያቴ አንድ ቃል ሳትናገር አጣጥፋ መለሰችላት። ምክንያቱን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ኋላ ካደግሁ በኋላ እንደ ሰማሁት፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም. ከቤት ተወስዶ ሳይመለስ ቀርቷል፤ አስከሬኑም አልተገኘም። እኔ የተወለድሁት ከዚያ በኋላ ነው። ፎቶግራፉ ከግድግዳ ወርዶ፣ ስሙም ከአንደበት ጠፍቶ ነበር።

ቀለም በአገራችን የዋህ ሆኖ አያውቅም። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአዲስ አበባ አደባባይ፣ በሕዝብ ፊት፣ በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን እየወረወሩ ሲሰብሩ አንድ ቀለም የመንግሥት መመሪያ ሆነ። ደርግ የተቃዋሚዎቹን ግድያ «ነጭ ሽብር» አለው፤ የራሱን ደግሞ ሳያፍር «ቀይ ሽብር» ብሎ ሰየመው።

ይሁንና ይህ ቀለም ከዚያ በፊት ለዘመናት ሌላ ሥራ ነበረው። ደብተራው ለሕመምተኛ የፈውስ ክታብ ሲያዘጋጅ፣ ብራናውን በሰውየው ቁመት ልክ ያደርገዋል፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ይጠብቀው ዘንድ። ጸሎቱን በጥቁር ይጽፍና የሕመምተኛውን የክርስትና ስም በቀይ ያሰፍራል። በጽሑፉ መካከልም አፍጥጠው የሚያዩ ትልልቅ ዓይኖችን ይሥላል፤ ክፉው መንፈስ እነዚያን ዓይኖች ችሎ አያይም ተብሎ ይታመናልና። በሌላ አነጋገር፣ ፈውስ የሚጀምረው የታመመውን በስሙ ከመጥራት ነው።

እነዚህን የክታብ ምልክቶች ወደ ዘመናዊ ሥዕል ካመጡት አንዱ እስክንድር ቦጎሲያን ናቸው። እስክንድር በ1937 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በአባታቸው በኩል የአርመን ዘር አላቸው። በ1955 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ወደ አውሮፓ ሄደው በለንደንና በፓሪስ ቆዩ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ተመልሰው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን አስተማሩ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን መምህር ሆኑ። በ2003 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን አረፉ። ሸራ ብቻ አልበቃቸውም፤ በብራናና ከዛፍ ቅርፊት በተሠራ ጨርቅ ላይ ሠርተዋል። «ማን ነህ?» ለሚል ጠያቂ መልሳቸው እንደ ሥራቸው ድርብርብ ነበር። አንዱን ንብር ለማንሣት የሌላውን መቅደድ አላስፈለጋቸውም።

በሕይወታቸው መጨረሻ አካባቢ፣ በ2001 እ.ኤ.አ.፣ ከሠዓሊና ገጣሚ ከበደች ተክለአብ ጋር ሆነው በዋሽንግተን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ከአሉሚኒየም የተሠራ ትልቅ የግድግዳ ሥራ አበረከቱ፤ ስሙ «ኔክሰስ» ነው፤ ትስስር እንደ ማለት። ከበደች በወጣትነታቸው ከቀይ ሽብር ሸሽተው ሲሰደዱ በሶማሊያ ወታደሮች እጅ ወድቀው ወደ አሥር ዓመት ገደማ በእስር የማቀቁ ሴት ናቸው። ያን ያህል የተነጠቀ ሰው ለአገሩ ስለ ትስስር ሲሠራ ማየት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ተማሪዎቼ ልመለስ። ስለ ቀይ ሽብር በማስተምርበት ሰዓት «የማን ወገን ነበሩ?» የሚል ጥያቄ ከ«እነማን ነበሩ?» ይቀድማል። አልፈርድባቸውም። በ2013 ዓ.ም. የፈነዳውን ጦርነትና ከእርሱ ወዲህ የደረሰውን ያዩ ልጆች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ሙታን ተሸክሞ ይገባል፤ የጎረቤቱን ሙታን ግን አይቆጥርም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ሰነዱ ስለ እውነትና ስለ ዕርቅ ብዙ ይላል። የእኔ ጥያቄ አጭር ነው፤ ብራናው በማን ቁመት ይለካል? በአሸናፊው ቁመት ከተለካ የሌላው ራስ ወይም እግር ከውጭ ይቀራል።

እናቴን አንድ ቀን በመስቀል አደባባይ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ወሰድኋት። በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ፎቶግራፎች እያንዳንዳቸውን ቆማ አየች። የእኛ ሰው እዚያ የለም።

«እማዬ፣ ፎቶውን ለምን አንሰጣቸውም?» አልኋት።

«ነገ ማን እንደሚመጣ ታውቃለህ ልጄ?»

አንድ ሙሉ ዘመን አልፎ፣ መንግሥት ከአንድም ሁለት ጊዜ ተለውጦ፣ ፍርሃቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። የትኛውም ፖሊሲ የሚመዘነው በዚህች ጥያቄ ይመስለኛል፤ አንዲት እናት የወንድሟን ፎቶግራፍ ሳትፈራ ከመሳቢያ የምታወጣበት ቀን መጥቷል ወይስ አልመጣም?

ፎቶግራፉ ዛሬም መሳቢያ ውስጥ ነው። ስንመለስ ግን ታክሲ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ የአጎቴን የክርስትና ስም ነገረችኝ። ቤት እንደ ገባሁ፣ የተማሪዎቼን ፈተና በማርምበት ቀይ እስክሪብቶ ጻፍሁት።