በጉርሻ ልክ

«ብራንች» የሚሉት ነገር አዲስ አበባ ከገባ ሰነባብቷል። ድሮ በባለ ኮከብ ሆቴሎች ውስጥ የውጭ አገር ሰዎችና ኪሳቸው የማያሳስባቸው ጥቂት የኛ ሰዎች እሑድ እሑድ የሚበሉት ነበር። ዛሬ ሰፈር ውስጥ ያለው ካፌም ብራንች ይላል፣ ኮንዶሚኒየሙም ይላል። ቁርስ እንዳይባል ረፍዷል፣ ምሳ እንዳይባል ገና ነው። ቃሉን በጽሑፍ ያስተዋወቀው ጋይ ቤሪንገር የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1895 ነው። ቅዳሜ ማታ ሲጠጣ ያመሸ ሰው እሑድ በጠዋት ተነስ እየተባለ እንዳይንገላታ የሚማጠን ጽሑፍ ነው አሉ። ልብ በሉልኝ፤ ዓመቱ ምኒልክ ለዓድዋ ዘመቻ የክተት አዋጅ ያስነገሩበት ዓመት ነው። እንግሊዙ ስለ እንቅልፉ ሲከራከር የኛ ሰው በሶውንና ድርቆሹን ስልቻ ውስጥ ይከት ነበር።

እንዲያው ነገሩን በቃል እንመርምረው ካልን ግን (ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ይህ አመል አይለቀውም) «ቁርስ» ራሱ የመጣው «ቆረሰ» ከሚለው ነው። ቁራሽም ከዚያው ነው። ጠዋት የምንበላውን ነገር የሰየምነው በሰዓቱ ወይም በጾም መፍታቱ ሳይሆን ዳቦው ላይ በተደረገው ነገር ነው። መቁረስ ደግሞ ለብቻ አይሆንም። ለብቻው የሚበላ ሰው ይገምጣል እንጂ አይቆርስም።

እኔ ያደግሁት መንዝ፣ ጌራ ምድር ነው። እዚያ ብራንች ነበር ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ግን ነበር፣ አሁንም አለ። ስሙ ሰንበቴ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ማኅበርተኛው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለችው ሰንበቴ ቤት ይገባል፤ ተረኛው ዳቦና ጠላውን ያቀርባል፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ ይቆረሳል። ሰዓቱ ያው ቁርስም ምሳም ያልሆነው ሰዓት ነው። ማኅበርተኛው ብቻ አይደለም የሚበላው። የቆሎ ተማሪው አለ፣ ነዳያኑ አሉ፣ መንገደኛው አለ፣ ከበሩ ላይ ተኮልኩለን እንደ ወፍ አንገታችንን የምናሰግግ እኛ ልጆች አለን። አባቴ ድርሻውን በልቶ አይጨርስም። ቁራሹን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ያመጣልናል፤ ያቺ ቁራሽ ቤት ስትደርስ ድንጋይ ናት።

ለምን እንደምትደርቅ ያወቅሁት በጎልማሳነቴ ነው። ዳቦ የሚደርቀው ውሃው ስለተነነ ብቻ አይደለም፤ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ሲቀዘቅዝ እንደገና እየጠጠረ ስለሚሄድ ነው። ይህ ደግሞ በጣም የሚፈጥነው በብርድ፣ ለምሳሌ ፍሪጅ ውስጥ ባለው ቅዝቃዜ ነው። መሐል ሜዳና አካባቢው ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው። የኛ አገር ጠዋት እንግዲህ በሩ ያልተዘጋ ፍሪጅ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ዳቦው ገብስ ይበዛበታል፤ ገብስ እንደ ስንዴ አይለጠጥም፣ ቶሎ ይፈረካከሳል። ስለዚህ የመንዝ ሴት ከሁሉ በፊት የምታውቀው ሙያ የደረቀ ዳቦን ማስነሳት ነው። በፍስክ ቀን ፈርፍራ በቅቤና በጨው ታሸዋለች፣ ላም ከታለበ ወተት ታፈስበታለች። በጾም ቀን ተልባ አለ። እናቴ በተልባ የምትፈተፍተው የገብስ ዳቦ ዛሬም በሕልሜ ይመጣል።

ፈረንሳዮች ይህንኑ ነገር «ፓን ፐርዱ» ይሉታል፤ የጠፋ ዳቦ እንደ ማለት ነው። ከእጅ ወጥቶ የነበረ፣ በወተትና በእንቁላል የተመለሰ። እኛ ካፌ ገብተን «ፍሬንች ቶስት» ብለን የምናዘው ማለት ነው። ጀርመኖች «ድሃ ፈረሰኞች» የሚል ስም ሰጥተውታል፤ ማዕረግ አለ፣ የሚበላ የለም ዓይነት ነገር። ስፔኖች ደግሞ «ቶሪሃስ» ብለው በዐቢይ ጾምና በሕማማት ሳምንት ይሠሩታል፤ በነሱ ልማድ በጾሙ የሚከለከለው ሥጋ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት «በሕማማት? እንቁላል?» ብላ አማተበች፤ ወሬው በዚሁ ተዘጋ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን በአፒኪዩስ ስም የሚጠራው የሮማውያን የምግብ መጽሐፍ ነው። እዚያ ላይ ያለው አሠራር እንቁላል እንኳ የለውም፤ ነጭ ዳቦ ቅርፊቱ ተልጦ፣ ተለቅ ተለቅ ባለ ጉርሻ ተቆራርሶ፣ ወተት ውስጥ ተነክሮ፣ ተጠብሶ፣ ማር ይፈስበታል። አሁን ልጆቻችን በስልካቸው እያዩ እንደ አዲስ ግኝት የሚሠሩት ባለ ጉርሻው ቶስት ከአሥራ አምስት መቶ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ልጆቻችን ስል የራሴንም ጨምሬ ነው። ባለፈው ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ውስጥ፣ ጾም በሌለበት ሰሞን፣ እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ከመንዝ መጥታ እኔ ዘንድ ሰንብታ ነበር። እሑድ ልጄ ጓደኞቿን ብራንች ጠራች። ዝግጅቱ የተጀመረው ቅዳሜ ነው፤ ከዳቦ ቤት አንድ ትልቅ ዳቦ ገዝታ ሆን ብላ አሳደረችው። ይህን ሳይ ደስ አለኝ። ትኩስ ዳቦ ለዚህ አይሆንም፤ ወተቱን ሲጠጣ ይላላና መጥበሻው ላይ ገንፎ ይሆናል። ያደረው ግን ጠጥቶም ቅርጹን ይይዛል።

አሠራሩን ቆሜ አየሁ። ሁለት እንቁላል መታች፣ አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ወተት ጨመረች፣ ትንሽ ስኳርና ቀረፋ። ዳቦውን ወደ ሦስት ሳንቲ ሜትር በሚሆን ኩብ ቆራረጠችው። በቁርጥራጭ ሲሆን መንከሩ ፈጣን መሆን አለበት፤ አንድ ኩብ ስድስት ክፍት ገጽ አለው፣ በስድስቱም ይመጣል። ጣል አድርጎ ማውጣት ነው። እሳቱ ደግሞ ለስለስ ማለት አለበት፤ አለዚያ ላዩ ሲያር ውስጡ ያለው እንቁላል ጥሬ ይቀራል። በለጋ ቅቤ ጠበሰችው፤ ጠብታ ዘይት አክላበት። ፍራፍሬው ሙዝ፣ ማንጎና እንጆሪ ነበር። አንድ ኩብ ቶስት፣ አንድ ቁራጭ ፍሬ፣ በስቴኪኒ እየወጋች በነጭ ሳህን ላይ ደረደረች። ፍሬውን መጨረሻ ላይ ማድረጓም ልክ ነው፤ ቀደም ብሎ ከተደረገ ውሃው ቶስቱን ያርሰዋል።

እንጆሪ ካልኩ አይቀር፣ የከተማው እንጆሪና የኛ እንጆሪ በስም ነው የሚገናኙት። የከተማው መሬት ላይ የሚሳብ፣ ቀይ፣ ትልቅ ፍሬ ነው። የኛው ከገደል አፋፍና ከወንዝ ዳር ከሾህ መሃል የሚለቀም ጥቁር ነው፤ እጅ ደምቶ ነው የሚበላ። ከቀጋ ጋር የእረኛ ምግብ ነበር። ቤት አይገባም፣ ለእንግዳ አይቀርብም። ሌላው ፍሬ ከቆላው ነው የሚመጣው፤ ወደ መርሐቤቴ ወርዶ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ለደረሰ ሎሚም ፓፓያም አለ። ደገኛው ሎሚ የሚያየው ገበያ ላይ ነው። እናቴ በሰማንያ ዓመቷ ፍሬ በገበታ ላይ፣ ያውም ከዳቦ ጋር ተወግቶ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

ቅዳሴ ደርሳ ስትገባ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሆኗል። ከሌሊት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰችም። የልጄ ጓደኞች ተነስተው ጉልበቷን ሳሙ። ተቀመጠችና ሳህኑን አየች። ዓይኗ ደክሟል፤ ጎንበስ ብላ በደንብ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ምነው ልጄ፣ እዚህም ዳቦ ጠፋ እንዴ?» አለችኝ።

ልጆቹ ሳቁ። በክፋት አይደለም፤ ያስቃል። እኔ ግን መሳቅ አልሆነልኝም፤ ምን እንዳየች አውቄዋለሁ።

መንዝ የበልግ አገር ነው። ክረምቱ ውርጭ ይዞ ስለሚመጣ ብዙው ገበሬ ተስፋው በበልጉ ገብስ ላይ ነው፤ በጥርና በየካቲት ተዘርቶ ሰኔና ሐምሌ የሚደርሰው። በ1976 በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ሳይሆን ቀረ። 1977ን የወሎና የትግራይ ረሃብ ብሎ የሚያስታውስ ብዙ ነው፤ የያኔዎቹ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃዎችም ተርበዋል። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በታኅሣሥ የሰንበቴው ተራ እኛ ላይ ደረሰ። አባቴ «ዘንድሮ ማን ይታዘበናል፣ ይለፈን» አለ። እናቴ መልስ አልሰጠችም። ለዘር ከተቀመጠው ገብስ ሁለት ጣሳ አወጣችና ፈጨች። የዘር ገብስ መንካት ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያልሆነ ሰው ቢነግሩትም አይገባውም። አንድ ዳቦ ወጣው። ጠላ የለም።

እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከግሼ በኩል የመጡ፣ ቤታቸውን ዘግተው የወጡ ሰዎች ሰፍረው ነበር። ስንት እንደሆኑ አልቆጠርኩም። እናቴ ግን ቀደም ብላ ቆጥራለች መሰለኝ፣ ዳቦውን ቤት ውስጥ በቢላ ቆራርጣው ነበር የመጣችው፤ ከአውራ ጣት በማይበልጥ ቁራጭ፣ እኩል በእኩል፣ አንዱ ከአንዱ እንዳይበላለጥ። ሰፌዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቄሱ ባርከው አንድ አንድ አደረሱ። ማኅበርተኛውም አንድ፣ ስደተኛውም አንድ። ለኛ ለልጆቿ አልተረፈም፤ ሰፌዱን ሳራግፍ የወደቀውን ፍርፋሪ ታናሽ እኅቴ በጣቷ እያነሳች በላች። በሚቀጥለው እሑድ ተረኛው አልመጣም። ከዚያ በኋላ የሰንበቴዋ ቤት ለወራት ተዘግታ ቆየች።

እንግዲህ እናቴ ሰፌድ ሙሉ የጉርሻ ዳቦ ያየችው ያን ጊዜ ነው። እሷ ዘንድ ዳቦ በዚህ ልክ የሚቆረጠው ለዓይን እንዲያምር አይደለም፤ እንዲዳረስ ነው። ድፎ ዳቦ በደህና ቀን በሰፊው ነው የሚቆረሰው፤ እንግዳ ፊት ትንሽ ቁራሽ ማቅረብ ነውር ነው። ይህን ለልጆቹ ልንገራቸው ወይስ ልተወው እያልኩ ሳመነታ ልጄ ቀደመችኝ። ነገሩን ከእኔ ሰምታው ታውቃለች። ከጓዳ ሌላ ሳህን ይዛ መጣች፣ ከቅርጫቱም ያልተቆረጠውን ግማሽ ዳቦ አንስታ፣

«እማማ፣ አልጠፋም፤ ይኸው አለ። ይህ እንዲሁ ለጨዋታ የተሠራ ነው። ይቅመሱልኝ» ብላ በእጇ አጎረሰቻት።

እናቴ ዓይኗን ጨፍና አላመጠች። «አንድ ያጣላል» አለች። ልጄ ሁለተኛውን ደገመቻት።

«ይጣፍጣል፤ ጨው ረስታችኋል እንጂ» አለች እናቴ። እውነቷን ነው፣ ጨው አልነበረውም። ሦስተኛውን ራሷ አነሳችና እንጆሪውን ከስቴኪኒው ነቅላ ለብቻው ቀመሰች። «ይኼ እንጆሪ አይደለም» ብላ ደመደመች፤ በዚህ የሚከራከራት አልተገኘም።

ከዚያ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ልጄ ዳቦውን ኩብ ስታደርግ የላጠችው ቅርፊት ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ ነበር፤ ላስቲክ አጠገቡ ተዘጋጅቷል። እናቴ ላስቲኩን ወዲያ አለችው። የተረፈውን እንቁላልና ወተት አይታ፣ በጣቷ ቀምሳ፣ ጨው ጣል አደረገችበትና ቅርፊቱን እንዳለ ነከረችው። ቅርፊት ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣ፤ እሷም አላጣደፈችውም፣ ሻይ እስኪፈላ ተወችው። ልጄ መጥበሻውን ጣደች። የወጣው ምግብ ከመጀመሪያው ሳህን በዓይን ያስቀይማል፤ ረጃጅም፣ ጎባጣ፣ አንዳንዱ ጠቆር ያለ። በጣዕም ግን እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ቅርፊት ድሮም የዳቦው ጣዕም ያለበት ቦታ ነው።

እንግዶቹ ከበሉት ብዙ ተረፈ። እናቴ በሰፌድ ስጡኝ አለች፤ ቤታችን ሰፌድ አልተገኘም፣ በትሪ ሰጠናት። ነጠላዋን አጣፍታ የግቢው ዘበኛ ዘንድ ወረደች። ከእሱ ጋር አንድ መኪና አጣቢ ልጅና ከፎቅ ልብስ ለማጠብ የመጣች ሴትዮ ነበሩ። ከመስኮት ሳያት ትሪውን ይዛ ቆማ ሦስቱን ትቆጥራለች፤ ከዚያ ትሪውን ትቆጥራለች።