ለብርድ የሚሆነውን ካቮ በሙቀት ቀይሩት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዘርም ስለ ማዳበሪያም አይደለም፤ ስለ አንዲት ሽቦ ነው። ነፍስ ልታስጠፋኝ ነበር።

ለመስክ የምንወጣባት አሮጌ ላንድ ክሩዘር የማሞቂያዋ ማንሻ ከደረቀ ቆይቷል። ሐዋሳ ላይ ማን ማሞቂያ ይከፍታል? "ይደርሳል" እያልኩ ተውኩት። በክረምቱ የድንች ዘር ጭነን ሀገረ ሰላም ወጣን። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሀገረ ሰላም ግን ከ2,700 ሜትር በላይ። ስንመለስ መሸ፣ ዝናብና ጉም ወረደ። የአምስት ሰው ትንፋሽ የፊት መስታወቱን ሸፈነው። በጨርቅ ብጠርገውም ወዲያው ይመለሳል። የፈረስ ጋሪው የታየኝ አጠገቡ ስደርስ ነው። ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ተንሸራትታ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ባለጋሪው ትንሽ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ አላየኸኝም እንዴ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ አንድ መካኒክ እያሳየኝ በገዛ እጄ ቀየርኩት። ሥራው እንዲህ ነው፦ ሞተሩ ውስጥ የሞቀው ውኃ በቱቦ ወደ ማሞቂያው ይገባል፤ ማራገቢያው ሙቀቱን ወደ መስታወቱ ይነፋና ያደርቀዋል። ውኃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ ኮፈን ሥር ነው። ክሩስኮቱ ላይ ካለው ማንሻ ጋር የሚያገናኘው ካቮው ነው።

መጀመሪያ ሞተሩ ይብረድ። ከዚያ ካቮውን ከቫልቩ ላይ አላቁና ቫልቩን በእጃችሁ አንቀሳቅሱት። እሺ ካለ፣ የደረቀው ካቮው ነው፤ እሺ ካላለ ችግሩ የቫልቩ ነውና ካቮ አትግዙ። ሳትፈቱ በስልካችሁ ሁለቱንም ጫፍ ፎቶ አንሱ። አሮጌው ጫፍ ላይ ሲባጎ እሰሩና ሳቡት፤ ሲባጎው አዲሱን በዚያው መንገድ ይመራላችኋል። ሲታጠፍ ሰፋ ብሎ ይታጠፍ፤ ከተቆለመመ ይደርቃል። የብስክሌት ፍሬን ካቮ ልግጠም ብዬ ነበር፤ መካኒኩ ሳቀብኝ። እሱ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። የማሞቂያው ግን ወጥ ሽቦ ስለሆነ ይስባልም ይገፋልም። በመጨረሻ ማንሻውን "ቀዝቃዛ" ላይ፣ ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ዝግ ላይ አድርጋችሁ የካቮውን ልባስ በመያዣው አጥብቁ። ያለዚያ ዘጋሁት ብላችሁ ሙቀቱ እየገባ ይቃጠላችኋል።

ሌላም ጥቅም አለው፤ ዳገት ላይ ሞተር ሲግል ማሞቂያውን ከነማራገቢያው ብትከፍቱት የተወሰነ ሙቀት ይወስድለታል። የራዲያተር ክዳን ግን በትኩሱ እንዳትነኩ!

"እኔ መኪና የለኝ" የምትሉ፣ የሞተር ሳይክላችሁንና የውኃ ፓምፓችሁን የነዳጅ መስጫ ካቮ አስቡት። በበጋ ለመስኖ ስትፈልጉት ደርቆ ይጠብቃችኋል፤ ቲማቲሙ ደግሞ አይጠብቅም። በማይሠራበት ወቅትም በየሁለት ሳምንቱ አንዴ አንቀሳቅሱት፤ ሲከብድ ጠብታ ዘይት ስጡት፤ ክሩ ሲበጣጠስ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ቀይሩት።

እኔ "ይደርሳል" ያልኩት ልጁ ፊት ደረሰ። እናንተ ዛሬውኑ እዩት።